መምህርትን የሚያስታውሳት ሰው

መስከረም 18

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለችው ለእህቴ ልጅ ለድንቢጥ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። በወጣሽበት ሰላም ያግባሽ፣ በገባሽበት ያስወድድሽ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ስናወራ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ተባብለን እንለያያለን። በስልክ ደህና ነኝ ማለት ይቀላል። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ብዕሩ ራሱ ያፋጥጣል። አሁንም እንደ ድሮው የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት የምነቃው ለትምህርት ቤቱ ደወል ነው። ደወሉ ግን የለም። ልብሴን ለብሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እልና «ወዴት ነው አንቺ ሴት?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሰሞን እንዲህ ቁጭ ብዬ ሳለ የእናትሽ ሣጥን ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከሞተች ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበባችን ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ናቸው። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በሦስት ረድፍ ቆመው፣ እኔ አኮርዲዮኔን አንግቼ ወገቤ እንዲህ ሳይሆን። እንዴት ያለ ወገብ ነበረኝ መሰለሽ።

ከገበያው መታጠፊያ ላይ ያለው የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ሁሉንም በማሽን አንስቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባልኝ። ዝምተኛ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። «መምህርት፣ ይሄ ሁሉ ታሪክ ሣጥን ውስጥ ይበስብስ እንዴ?» አለኝና እዚያው አስቀምጦኝ በስልኬ የኢንተርኔት ገጽ ከፈተልኝ። እኔ ደግሞ በየፎቶው ሥር የማስታውሰውን መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ፣ የድሮ ተማሪዎቼ እንደ ዝናብ ወረዱብኝ። አንዱ ሐኪም ሆኗል፣ አንዷ አያት ሆናለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስሙን ሳይጽፍ «የኋላው ረድፍ» እያለ የሚጽፍልኝ ነው። ያልረሳው ነገር የለም። እኔ ግን ማን እንደሆነ ጭራሽ አልመጣልኝ አለ፤ መልኩም ድምፁም። ለአስተማሪ ደግሞ «አላወቅሁህም» ማለት ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ እንዳወቀ ሰው ሆኜ እመልስለታለሁ።

የማንበቢያ መነጽሬ አንድ እግሩ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ። ሲመችሽ አንድ ላኪልኝ፤ ካልተመቸሽ ክሩ አለ።

የምትሳሳልሽ አክስትሽ

ጥቅምት 9

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ፣

እንደ እናት አሳድገው፣ እንደ መምህር ቆጥተው እዚህ ላደረሱኝ፤ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ቤትዎን ይጠብቅልኝ። መነጽሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የእግሩ ማጠፊያ ጠንካራ ነው፤ ክሩን ለሌላ ጉዳይ ያስቀምጡት።

መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ልኮኛል። የእኛ ቢሮ ሰው የሚያሳድዳቸው፣ በስልክና በኢንተርኔት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አቤት የሚሉበት እንደሆነ ነግሬዎት አውቃለሁ። አሁን የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የኢንተርኔት ምርመራ ነው። የሰው በር ሳይሰብሩ፣ ቁልፍ ሳይሰርቁ፣ ሰው ራሱ ደጁ ላይ ካሰጣው ነገር ብቻ ምን ያህል እንደሚታወቅ እንማራለን። ሁለተኛው የስጋት ግምገማ ነው፤ ሰውን ከሚከታተሉት መካከል የትኛው በወሬ ይቀራል፣ የትኛው በር ድረስ ይመጣል የሚለው። ክፍላችን ከጫማ መደብር በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አዲስ ቆዳ ይሸተናል። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጣች መርማሪ ናት። ስቃ ስለማታውቅ «ኮስታራዋ» እንላታለን፤ እሷም ታውቃለች።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዳችን ስለ ሌላችን ያገኘነውን እንድናቀርብ ታዘዝን። የእኔ ባልደረባ ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ ቀልደኛ ሰው ነው። ተነስቶ በግድግዳው ላይ ያሳየው የመጀመሪያ ፎቶ እኔ ነኝ፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው፣ የእርስዎ አኮርዲዮን ላይ ተደግፌ። ከገጽዎ ላይ አግኝቶት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን በአንድ ጊዜ ያደግሁበት ቤት ገባ፤ የወለሉ ጣውላ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት፣ እናቴ ከጓዳ «ማነው የሮጠው?» ስትል ሰማሁ።

እሱ ግን አላቆመም። የበሩን ቁጥር አሳየ። ዳገቱንና ዳቦ ቤቱን ከሌላ ፎቶ አገናኝቶ መንገዱን ለየ። «በየጠዋቱ ከዳቦ ቤት ስመለስ» ብለው የጻፉትን አነበበ። «ብቻዬን ስለሆንኩ ግማሽ ዳቦ ይበቃኛል» ያሉትንም አነበበ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ኮስታራዋ እጇን አጣጥፋ፣ «አንተ የጓደኛህን ነገር አይደለም ያገኘኸው። አክስቷን ነው ያገኘሃት» አለችው።

እትዬ፣ አይቆጡኝ። የልጆቹ ፎቶዎች ይቆዩ፤ የበሩን ፎቶና ስለ ጠዋት መንገድዎ የጻፉትን ግን ከገጹ ያውርዱልኝ። ደግሞ ይህ «የኋላው ረድፍ» የሚባለው ማን ነው? ስሙን ጠይቀውት ያውቃሉ?

ልጅዎ ድንቢጥ

ኅዳር 22

ለድንቢጥ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ ጤና አይለይሽ። መነጽሩ ደርሷል፤ አፍንጫዬን ትንሽ ቢቆነጥጠኝም ዓለም ጠርታልኛለች። መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ ነው፤ አልደብቅሽም። የእኔ ፎቶ ሰው በተሰበሰበበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲሳቅበት ማሰብ ደስ አይልም። እኔ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ልጅ ዛሬ በሬን እንዴት እንደምዘጋ ልታስተምሪኝ ነው።

የበሩን ፎቶ ከገጹ አውርጃለሁ። እሱን ግን ለምን ስሙን እጠይቀዋለሁ? ተማሪዬን «ማን ነህ?» ልበለው? አንቺ አታውቂውም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ «ከዝናቡ በላይ ዘምሩ» ያልኳቸውን ቀን ያስታውሳል። ፀጉሬ ላይ ጠመኔ ተሰክቶ ረስቼው ቀኑን ሙሉ ስዞር የዋልኩትን ያስታውሳል። ከሁሉ በላይ እናትሽን ያስታውሳል። ከሞተች ወዲህ ስለ እህቴ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ሰዎች የሚያስለቅሱኝ እየመሰላቸው ወሬውን ያልፉታል። እሱ ግን «እህትሽ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ብርቱካን ስትልጥ ዛሬም ይታየኛል» አለኝ። ይህን ማን ይነግረዋል? ያየ ሰው ነው እንጂ።

ሲጽፍልኝ ሁልጊዜ «ትዝ ይልሻል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም ትዝ ይለኛል። ባለፈው ደግሞ በሩ ላይ ነጭ አበባ ተቀምጦልኝ አገኘሁ፤ ከማን እንደሆነ ባይጻፍበትም ገምቻለሁ። ቢጫው መጋረጃም እንዳማረብኝ ነግሮኛል። ስለ መጋረጃው ጽፌ ነበር መሰለኝ። ሳልጽፍ አልቀርም።

የሚላክ ነገር አልፈልግም። ለቢሮሽ ሰዎች ግን ስለ እኔ አታውሪ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 3

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ጉልበትዎን ስሞ ይጀምር። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ሥልጠና አቋርጬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

ስለ እናቴ የጻፉትን ሳነብ ተናደድኩ ብልዎት ውሸት ነው፤ ቀናሁ። እኔ ልጇ ሆኜ ስለ እሷ ጠይቄዎት አላውቅም። እኔም እንደ ሌሎቹ የማስለቅስዎት እየመሰለኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እጠይቅዎታለሁ።

ግን እትዬ፣ ስለ መጋረጃው አልጻፉም። ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁት። መጋረጃውን ያየው ከመንገድ ላይ ነው። ሌላም ነገር ልጠይቅዎት። ተማሪዎ ከሆነ መቼ ነው ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የተሻገረው? በክፍላችን አንድ ሙሉ ቀን የተማርነው ስለዚህ ነው። የሚከታተል ሰው አጥሩን በአንድ ቀን አይዘልም፤ አንድ አንድ ድንጋይ እያነሳ ይገባል። ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው አጥሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰውዬው ክፉ ነው አይደለም ብለን አንጠይቅም። ምን እያደረገ ነው፣ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ፣ «እምቢ» ሲባልስ ምን ይሆናል? የምንጠይቀው ይህን ነው።

ዛሬውኑ ማንነቱን ልቆፍር ኮምፒውተሬን ከፍቼ ነበር። ኮስታራዋ ከኋላዬ ቆማ፣ «ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ይቅር ይበሉኝ። ኮምፒውተሩን ራሷ ዘጋችው። «የራስሽን ሰው ጉዳይ ራስሽ አትይዢም። ዓይንሽ ያለቅሳል፤ ያለቀሰ ዓይን አጥርቶ አያይም። ለእሷ የሚጠቅማትን ንገሪያት፣ ምርመራውን ለሚመለከተው ተይ» አለችኝ። ተናደድኩባት፤ እውነቷን ነው።

የሚጠቅመው ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ስድብና ያለ ምክንያት፣ «ከእንግዲህ አይጻፉልኝ» ይበሉት። ከዚያ በኋላ ምንም ቢል አይመልሱለት። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አንድ ቀን ቢመልሱለት፣ ብዙ ጊዜ መጻፍ እንደሚያዋጣ ብቻ ነው የሚማረው። የጻፈልዎትን አንዱንም አያጥፉ። ለአንድ ጎረቤት ይንገሩ፤ ነርሷ እትዬ ከአጥሩ ወዲያ አይደሉ?

ደግሞ አንድ ነገር ያጣሩልኝ። ከሚያስታውሰው ሁሉ እርስዎ ገጹ ላይ ያልጻፉት የትኛው ነው?

ልጅዎ

ጥር 25

ድንቢጥ፣

ሰላም ነው ወይ ሰውነትሽ። እኔ አለሁ።

ያልሽውን አደረግሁ። ወዲያው አይደለም፤ ሰነፍ ተማሪ ነኝ። ብዙ ቀን ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ መልሼ እያስቀመጥኩ ከረምኩ። አንዱን ጠዋት እንደነገርሽኝ ጻፍኩለት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አንጀቴን በላው። ዝም አልኩ። ቀጥሎ «ማን መከረሽ?» አለ። ዝም አልኩ። «ያቺ ባሕር ማዶ ያለችው ናት፤ እሷ ጥላሽ ሄደች፣ እኔ አለሁልሽ» አለ። ከዚያ አንድ ፎቶ ላከ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ የተነሳ ፎቶ ነው። የሻሼ ቋጠሮ ሳይቀር ይታያል።

ያን ቀን አጥሩን ዞሬ ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። ምላሷን ታውቂያለሽ። «አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትደብቂኝ እኔ ሞቼ ነው?» አለችኝ። ተሳድባ ስትጨርስ ሻይ አፈላችና ያዘዝሽውን ሥራ ጀመርን። እሷ በአንድ ስልክ ገጼን ከፈተች፣ እኔ በሌላው የሱን መልእክት።

«ዝናቡ» እላለሁ። «አለ፣ እዚህ ጽፈሽዋል» ትላለች። «ጠመኔው።» «አለ።» «ልጆቹ ሸሚዝ ተዋውሰው የቆሙበት ቀን።» «አለ፣ ያውም በራስሽ ቃል።»

እንዲህ እንዲህ እያልን አለቀ። አንድ የራሱ ትዝታ አልነበረውም። ከእኔው ቀድቶ ለእኔው ነው ያጠጣኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ነርሷ የፈራሁ መስሏት ታባብለኛለች። ፍርሃት አልነበረም። እንደ እኔ ያን ክፍል የሚያስታውስ አንድ ሰው በዓለም ላይ አለ ብዬ እተኛ ነበር። ለካ ብቻዬን ነበርኩ።

የቀረው የእናትሽ ብርቱካን ነው። እሱን የትም አልጻፍኩትም። «ይኸው፣ ይሄንን አይቷል ማለት ነው» ብዬ ተሟገትኩ። ነርሷ «የት ነው ያየው?» አለችኝ። እናትሽ በባዶ እግሯ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ትምህርት ቤት አይደለም። እዚሁ ቤት ነው፣ እሑድ ቀን። ከእኔና ከእሷ ሌላ ፎቶውን ያነሳው አባታችን ብቻ ነበር። አንድም ተማሪ አልነበረም። ገጹ ላይ ሳወጣው ደግሞ እግሯ ለሰው አይታይ ብዬ የእሷን በኩል አስቆርጬዋለሁ፤ የወጣው እኔ ያለሁበት ብቻ ነው።

«ማን ነው የቆረጠልሽ?» አለች ነርሷ።

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ነው፣ ልጄ። ፎቶውን ሙሉውን ያየ ሌላ ሰው የለም። ገጹን የከፈተልኝም፣ የይለፍ ቃሉን የመረጠልኝም እሱ ነው። በየጊዜው ሱቁ ቁጭ ብዬ «የኋላው ረድፍ ዛሬ ምን አለኝ መሰለህ» እያልኩ አነብለት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ያዳምጠኛል። አንድ ቀን «የታደለ ሰው ነው» ብሎኛል።

የማስቸግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ጥሩ የበር ቁልፍ እንዴት እንደሚመረጥ ጻፊልኝ።

አክስትሽ

የካቲት 4

ለእትዬ፣

የበረታችሁ ያድርጋችሁ፤ እርስዎንም ነርሷንም። ትናንት በስልክ ያልኩትን ሁሉ እዚህ እደግመዋለሁ። ስንደነግጥ ጆሯችን ያፈሳል፤ ወረቀት ግን ይጠብቃል።

ሱቁ አይሂዱ፤ ለመውቀስም፣ ለመምከርም፣ ፎቶ ለመቀበልም ቢሆን። ገጹን የነርሷ ልጅ በራሷ ስልክ ከፍታ የይለፍ ቃሉን ትቀይርና ለሌላ ሰው እንዳይታይ ታድርገው፤ አታጥፋው፣ ማስረጃ ነው። ስለ ቁልፉ ለሰፈሩ አናጢ በስልክ ነግሬያለሁ፤ ከውስጥ ጠንካራ መቀርቀሪያም ይገጥምልዎታል። ዳቦ ቤት የሚሄዱበትን ሰዓት ይለዋውጡ። ፖሊስ ጋ ነርሷን ይዘው ይሂዱ፤ አበባው፣ መጋረጃው፣ ፎቶው፣ የከለከሉበት ቀን በቅደም ተከተል ይነገር። አንዱን ብቻ ብንነግራቸው «አበባ መስጠት ወንጀል ነው እንዴ?» ይላሉ። ተደርድሮ ሲታይ ግን ወደ በርዎ የሚመጣ መንገድ ነው።

ልምጣ ብዬዎት «ሥልጠናሽን ጨርሺ» አሉኝ። ኮስታራዋን ጠየቅኋት። ከልምዷ ስትናገር፣ እምቢታ ያልተቀበለ ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከፋሉ አለች። አልደበቀችኝም፣ እኔም አልደብቅዎትም። ከዚያ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደችና፣ «የእኔ እናት ብትሆን ጎረቤቷን እሷ ጋ አሳድር ነበር» አለች። ስለዚህ ነርሷ እርስዎ ጋ ይደሩ፤ ቢሳደቡም ይታገሱአቸው።

ስለ እናቴ እንደምጠይቅዎት ቃል ገብቻለሁ። ብርቱካን ትወድ ነበር እንዴ? እኔ አላውቅም ነበር።

ልጅዎ

የካቲት 27

ለድንቢጥ፣

ያተረፈኝን አምላክ ስታመሰግኚ የእኔንም ጨምሪበት። ነርሷ በስልክ ነግራሻለች፤ የእሷ ወሬ ግን ቅመም ይበዛዋል፤ እንደሆነው ልንገርሽ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደናል። የተቀበለችን ሳጅን ሴት ናት፤ ፊቷ የማይፈታ፣ ቀና ብላ የማታይ። አንደኛው ባልደረባዋ «በዚህ ዕድሜዎ አድናቂ መጣልዎት?» ብሎ ሲስቅ፣ ሳትዞር «ወንበር አምጣላቸው» አለችው። ሁሉንም በተርታ አስወራችኝ። «ነገ አስጠራዋለሁ» አለች። እሱ ግን ቀደመን።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ገና ወለሉ ላይ ነበረች። በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው ሳይ እሱ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የእኔንና የእናትሽን ፎቶ አሳድጎ በመስታወት አሳምሮ ታቅፎታል። ሙሉውን፤ የእናትሽ እግር ያለበትን።

«መምህርት፣ ክፈቺልኝ። ስጦታ ነው» አለ።

ነርሷ ከኋላዬ ስልኩን አንስታ በሹክሹክታ ትናገራለች። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አስተምረሽኛል። አፌ ግን አላስቻለውም።

«ተማሪዬ ነበርክ?» አልኩት።

«ብሆን ምን ነበረበት?» አለ። «እነዚያን ልጆች ስትወጂያቸው አየሁ። በየፎቶው አየሁሽ። እኔን ማንም እንደዚያ አላስተማረኝም። አንድ ረድፍ ብትጨምሪ ምን ይጎዳሽ ነበር?»

አዘንኩለት፤ ልዋሽሽ አልችልም። እጄ ወደ መቀርቀሪያው ሄዶ ነበር። ነርሷ እጄን ያዘች። አልከፈትኩም።

ያን ጊዜ ድምፁ ተለወጠ። «እኔ ባልኖር ማን ያውቅሽ ነበር? እኔ ነኝ ከሣጥን ያወጣሁሽ!» አለና በሩን በትከሻው ይመታው ጀመር። አዲሱ መቀርቀሪያ አልነቃነቅ ሲለው ያን የታቀፈውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወረወረው። የመስኮቱ መስታወት ከፎቶው መስታወት ጋር ተሰበረ፤ ቢጫው መጋረጃ ተቀደደ። በተሰበረው በኩል እጁን አስገብቶ ሲዳብስ ነው ሳጅኗ ከሁለት ፖሊስ ጋር የደረሰችው። እጁ ደምቶ ነበር። ነርሷ ስትሰድበው የከረመችውን ሰውዬ ቁስሉን አጠበችለት፤ ሥራዋ ነው።

በሱቁ የኋላ ክፍል የእኔን ቤት ከመንገድ ማዶ ያነሳቸው ብዙ ፎቶዎች ተገኝተዋል። በአንዱ ላይ መብራት አብርቼ ለብቻዬ ቁጭ ብያለሁ፤ ለካ ደብዳቤሽን ሳነብ ነው። እንዴት ብቸኛ እመስላለሁ መሰለሽ። ከፎቶው ይልቅ ያ ነው ያስደነገጠኝ።

እናትሽ ብርቱካን አትወድም ነበር። ሽታውን ነው የምትወደው። ልጣ ልጣ ለእኔ ትሰጠኝና ልጣጩን ኪሷ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልብሷን ሳጥብ ሽታው እጄ ላይ ይቀር ነበር።

አክስትሽ

መጋቢት 15

ለእትዬ፣

ተመስገን ማለት ብቻ ነው ያለኝ። እድሜዎን በጤና ይድገምልኝ።

ስለ ልጣጩ የጻፉትን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ከአሁን በፊት እናቴን ሳስባት መታመሟን ብቻ ነበር የማስበው። አሁን ኪሷ አለ።

ሥልጠናው አለቀ። የመጨረሻው ፈተና የአንዲት ሴት ጉዳይ ነበር፤ ከፊታችን የተለያዩ መልእክቶች ተሰጡንና ስጋቱን ገምግሙ ተባልን። ብዙዎቻችን ወዲያው ስለ ሰውዬው መጻፍ ጀመርን። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ሴትየዋ ነው፤ በዚህ ሰው ምን አግኝታ ነበር፣ «ተዪው» ስንላት ምን ታጣለች፣ ያን በምን እንተካላታለን? ኮስታራዋ ወረቀቴን አንብባ፣ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ። «ከአክስቴ» አልኳት። ሳቀች አልልዎትም፤ ግን ወረቀቱን ቶሎ አልመለሰችልኝም።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ማታስ ይተኛሉ? በስልክ «ደህና ነው» እንዳይሉኝ፤ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ግንቦት 11

ለድንቢጥ፣

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ በደህና ያገናኘን። አልጋሽን ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ።

ጉዳዩ ተዘጋ። በሩን ስለደበደበ፣ መስኮቱን ስለሰበረ፣ እያወቀ ስላሳደደኝ ተፈረደበት፤ ሲወጣም እንዳይጽፍልኝ፣ በሰፈሬ እንዳያልፍ፣ ሐኪም እንዲያየው ታዘዘ። ሲፈረድበት ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቴን አላዞርኩም፣ አንገቴንም አልነቀነቅሁለትም። እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ግን መንገድ ላይ ስሄድ ዛሬም ከኋላዬ አያለሁ። ይህ በአንድ ጊዜ አይለቅም አለች ነርሷ። ከዚያ ወዲህ ከቤትሽ አልወጣም ብላ እኔው ጋ ቀርታለች፤ ታንኮራፋለች።

አሁን የምነግርሽ ትናንት የሆነውን ነው። ሳጅኗ ስልኬንና ፎቶዎቹን ልትመልስልኝ መጣች። አስፈረመችኝ። ከዚያ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ቆመች፤ ቆቧን አውልቃ ታዞረዋለች።

«መምህርት፣ ጉዳዩ ስላለቀ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ተማሪዎ ነበርኩ» አለችኝ።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ያን ሰሞን ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

እውነቷን ነው። ትክ ብዬ አየኋት። አላወቅኋትም። የመጣው ይምጣ ብዬ፣ «ልጄ፣ አላስታውስሽም» አልኳት። ይህን ቃል በሕይወቴ ለተማሪ ተናግሬው አላውቅም።

«አያስታውሱኝም። ሦስት ወር ብቻ ነው ክበቡ ውስጥ የቆየሁት» አለች። «አንድ ቀን ሁሉንም አስቁመው ወደ እኔ መጡና፣ ‹አንቺ ከንፈርሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ ድምፅ አታውጪ› አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትም ቦታ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። በፖሊስ ሰልፍ መዝሙር ላይም።»

ነርሷ ከጓዳ ሳቋ መጣ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ይህን የትም አልጻፍኩትም፣ ትዝ ቢለኝም አልጽፈውም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስታውሰው እዚያ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ደስታዬን እንዴት ልንገርሽ? ተወቀስኩ፣ አፈርኩ፣ ግን ያ ክፍል እውነት ነበር፤ ከእኔ ሌላ ሰው ውስጡ ቆሞ ነበር።

«ግቢ» አልኳት። «ቁጭ በይ። አይ፣ ቁሚ። እስቲ አሁን ዘምሪ።»

ቆቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇን ከጎንና ከጎኗ አደረገች፤ ያኔ እንደማስቆማቸው። ከዚያ ያን የዱሮውን መዝሙራችንን ጀመረች።

ድንቢጥ፣ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ የዚያች ልጅ ድምፅ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ነው። ነርሷ ጆሮዋን ይዛ ብቅ አለች። ያን ቀን አልተሳሳትኩም ነበር። እኔ ግን ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ አላስቆምኳትም።

አክስትሽ